ሁለት ፓምፕ ለአንድ ሞተር፤ ብዙ የፈረስ ጉልበት ላለው መኪና ነዳጅ ስለ ማዳረስ

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን አባባል የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የለም። ደካሞች ሲተባበሩ ብርቱውን ይረታሉ ማለት ነው። በሜካኒክ ሙያ ግን ይህ አባባል እውነት የሚሆነው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ ይኸውም የተባበሩት ድሮች ሁሉ አለመበጠሳቸው በየጊዜው ሲታወቅ ነው። ከድሮቹ አንዱ በስውር የተበጠሰ እንደ ሆነ አንበሳው እስኪነሣ ድረስ የታሰረ ይመስላል፤ የተነሣ ዕለት ግን አሳሪው ይበላል።

የዚህ ንግግር ርእሰ ጉዳይ ብዙ የፈረስ ጉልበት ላለው የጭነት መኪና ከአንድ በላይ የነዳጅ ፓምፕ፣ ወይም ጋራዦች እንደሚሉት ፖምፓ፣ መርጦ ስለ መግጠም ነው። ነገሩ በይበልጥ የተለመደው በአሜሪካ አገር ነው። በዚያ ፒክአፕ የሚባለው መኪና ለገበሬውም ለግንበኛውም የዕለት ሥራ መሣሪያ ከመሆኑ በላይ፣ ከባድ ተሳቢ የሚጎተትበት፣ በዕረፍት ቀንም ውድድር የሚገጠምበት ሆኗል። ከፋብሪካ 300 ወይም 400 የፈረስ ጉልበት ይዞ የወጣውን ባለ ስምንት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ቱርቦ ገጥሞ እስከ 1,000 የፈረስ ጉልበት ማድረስ ዛሬ ብርቅ አይደለም። ባለሙያው ፒስተኑን በጠንካራ ይለውጣል፤ ቴስታታውን ያስተካክላል፤ ትልልቅ ኢንጀክተሮች ይገጥማል። ስለ ነዳጁ መንገድ ግን ብዙ ጊዜ የሚታሰበው በመጨረሻ ነው። ያን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «አንድ ፓምፕ ካልበቃ ሁለተኛ ይጨመርበት» የሚል አጭር ቃል ይሆናል። ይህ አጭር ቃል ምን ያህል ሥራና ምን ያህል ኀላፊነት በውስጡ እንደ ያዘ ቀጥሎ ይታያል።

1. የነዳጁ ልክ

አንድ ኪሎ ቤንዚን በሚገባ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ቱርቦ ያለው ሞተር በሙሉ ኀይሉ ሲሠራ ግን ባለሙያዎች ሆነ ብለው ቤንዚኑን ያበዙለታል፤ ለአንድ ኪሎ ቤንዚን ከ11 እስከ 12 ኪሎ አየር ብቻ ይደርሰዋል። ምክንያቱም ትርፉ ቤንዚን በሲሊንደሩ ውስጥ በሚተንበት ጊዜ ሙቀት ይቀንሳል፤ ድብልቁም ያለ ጊዜው እንዳይፈነዳ ያግዛል። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ሞተር ውስጥ ቤንዚን ምግብ ብቻ ሳይሆን ማቀዝቀዣም ነው። የጎደለ እንደ ሆነ ሞተሩ የሚደክም ሳይሆን የሚቃጠል መሆኑን ከመነሻው መገንዘብ ይገባል።

ፓምፕ ከመምረጥ አስቀድሞ እርሳስ አንሥቶ ማስላት ያስፈልጋል። ቱርቦ ያለው የቤንዚን ሞተር በሙሉ ኀይሉ ሲሠራ ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 270 ግራም ያህል ቤንዚን ይበላል። ስለዚህ 1,000 የፈረስ ጉልበት በሰዓት 270 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው። የአንድ ሊትር ቤንዚን ክብደት 740 ግራም ያህል ቢያዝ ይህ ወደ 365 ሊትር ይጠጋል። ፓምፕ ሲያረጅ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ማጣሪያ ሲቆሽሽ መንገዱ ይጠባል፤ ስለሆነም ከመቶ 20 መጠባበቂያ ሲጨመርበት የሚፈለገው ልክ በሰዓት 438 ሊትር ይሆናል።

ባለመኪናው ከመቶ 85 ድረስ ኤታኖል ያለበትን ነዳጅ የመረጠ እንደ ሆነ ስሌቱ ከሥር ይለወጣል። ኤታኖል በውስጡ ኦክስጅን ስላለው ከቤንዚን ያነሰ ኀይል ይሰጣል። ለዚያው 1,000 የፈረስ ጉልበት በሰዓት ወደ 495 ሊትር፣ ከመጠባበቂያው ጋር ወደ 590 ሊትር ማቅረብ ግድ ይሆናል። ለቤንዚን የበቃ ፓምፕ ለኤታኖል ይበቃል ብሎ የገመተ ሰው ስሕተቱን የሚያውቀው ሞተሩ ከተጎዳ በኋላ ነው።

2. ግፊትና በካርቶን ላይ የተጻፈው ቁጥር

በገበያ ላይ ያለው ፓምፕ ሁሉ በካርቶኑ ላይ በሰዓት ይህን ያህል ሊትር ይሰጣል የሚል ቁጥር ተጽፎበታል። ይህ ቁጥር ብቻውን ብዙ ትርጉም የለውም። የሚጠየቀው ጥያቄ «በስንት ባር ግፊት? በስንት ቮልት?» የሚል ነው። ኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚገፋው ግፊት በጨመረ ቁጥር የሚሰጠው ነዳጅ እየቀነሰ ይሄዳል። አምራቾች ይህን የሚያሳይ የመስመር ሥዕል ያወጣሉ፤ መነበብ ያለበትም ካርቶኑ ሳይሆን ይህ ሥዕል ነው።

ቱርቦ ባለበት ሞተር ጉዳዩ ይጠብቃል። ኢንጀክተሩ ነዳጁን የሚረጨው ቱርቦው በጨመቀው አየር ውስጥ ስለሆነ፣ የግፊት መቆጣጠሪያው የነዳጁን ግፊት ከአየሩ ግፊት ጋር እኩል በእኩል ከፍ ያደርገዋል። መነሻው 3 ባር የነበረ የነዳጅ ግፊት፣ ቱርቦው 1.4 ባር ሲጨምር 4.4 ባር ይሆናል። ከዚህ የሚታየው ሞተሩ ብዙ ነዳጅ የሚፈልግበት ሰዓትና ፓምፑ ጥቂት ነዳጅ መስጠት የሚችልበት ሰዓት አንድ መሆኑን ነው።

ለምሳሌ በካርቶኑ 255 ሊትር የተጻፈበት፣ በ4.4 ባር ግን 200 ሊትር ብቻ የሚሰጥ ፓምፕ ይወሰድ። ሁለቱ በካርቶን ሲደመሩ 510 ሊትር ይሆናሉ፤ ከሚፈለገው 438 ሊትር በላይ ስለሆነ ባለቤቱ ረክቶ ገንዘቡን ይከፍላል። በእውነተኛው ግፊት ግን ድምሩ 400 ሊትር ነው። መጠባበቂያው በአብዛኛው ቀለጠ ማለት ነው፤ ገና የቧንቧው ኪሳራ ሳይቆጠር።

3. ሁለቱ ሲደመሩ ለምን እጥፍ አይሆኑም?

ፓምፖች በሁለት መንገድ ይያያዛሉ። አንዱ ሌላውን እየተከተለ ሲቆም ግፊት ይደመራል፤ ጎን ለጎን ቆመው በአንድ ቧንቧ ሲገናኙ ደግሞ ፍሰት ይደመራል። ለብዙ የፈረስ ጉልበት የሚፈለገው ፍሰት ስለሆነ የተለመደው ሁለተኛው ነው። ነገር ግን ሁለቱ የሚያልፉበት ቧንቧ አንድ እንደ ሆነ ሊታሰብ ይገባል። በቧንቧ ውስጥ የሚሄድ ነዳጅ ፍሰቱ እጥፍ ሲሆን የሚጠፋው ግፊት ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። በአንድ ፓምፕ 0.2 ባር የሚያጠፋ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ቧንቧ በሁለት ፓምፕ 0.8 ባር ያጠፋል፤ ስለዚህ ኢንጀክተሩ ዘንድ 4.4 ባር እንዲደርስ ፓምፖቹ 5.2 ባር መግፋት ይኖርባቸዋል። የቧንቧው ውስጣዊ ስፋት ወደ 10 ሚሊ ሜትር ከፍ ቢል ግን ኪሳራው ወደ ሲሶው ይወርዳል። ጠባብ መንገድ ትቶ ፓምፕ መደርደር በጠባብ በር ብዙ ሰው ለማሳለፍ ከኋላ መግፋትን እንደ ማብዛት ነው።

ከዚህ የተነሣ ምርጫው እንዲህ ይሆናል። ባለ 10 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ተዘርግቶ፣ በ5 ባር ግፊት እያንዳንዳቸው 220 ሊትር የሚሰጡ ሁለት ፓምፖች ይመረጣሉ። ሁለቱም የአንድ ዐይነትና የአንድ ዘመን መሆን አለባቸው። ብርቱና ደካማ ፓምፕ ጎን ለጎን ሲቆሙ ግፊቱ ከፍ ባለ ጊዜ ብርቱው የደካማውን መንገድ ይዘጋበታል፤ ደካማው እየዞረና እየሞቀ አንዲት ጠብታ ሳያሳልፍ ይቀራል። በእያንዳንዱ ፓምፕ መውጫ ላይም ነዳጅ ወደ ኋላ የማይመልስ ቫልቭ ሊኖር ይገባል፤ ይህ ባይኖር አንዱ ሲቆም ሌላኛው የገፋው ነዳጅ በቆመው በኩል ተመልሶ ወደ ታንክ ይፈሳል።

አንድ ታላቅ ፓምፕ ከሁለት መካከለኛ አይሻልም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣል። አንድ መሆኑ ቧንቧውንና ሽቦውን ያቃልላል፤ ሲሞትም ሞተሩ ወዲያው ስለሚቆም ተንኰል የለውም። በአንጻሩ ታላቁ ፓምፕ መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር እንኳ ያን ሁሉ ነዳጅ ይገፋል። ብዙ መንገድ ለሚጓዝ መኪና ሁለት መካከለኛ ፓምፖች የሚመረጡት ሁለተኛው ሲፈለግ ብቻ እንዲነሣ ለማድረግ ስለሚያመች ነው። ይህ ጥቅም የሚያስከፍለው ዋጋ ከዚህ በታች ይገለጻል።

4. የሚቆሙበት ስፍራ

የነዳጅ ፓምፕ በመግፋት ብርቱ፣ በመሳብ ግን ደካማ ነው። በተለይ ቤንዚን በቀላሉ የሚተን ስለሆነ ፓምፑ ሲስበው ግፊቱ ዝቅ ይልና በቧንቧው ውስጥ መፍላት ይጀምራል። ፓምፑም በነዳጅ ፈንታ እንፋሎት ይጎርሳል። ስለዚህ ትክክለኛው ስፍራ በታንኩ ውስጥ፣ ነዳጁ ራሱ እያቀዘቀዘው ነው፤ ይህ የማይቻል ቢሆን ከታንኩ ወለል ዝቅ ብሎ፣ በቅርብ፣ በሰፊ ቧንቧ መያያዝ አለበት። ከፓምፑ በፊት የሚገባው ማጣሪያ ሻካራና ሰፊ፣ ከፓምፑ በኋላ የሚገባው ግን ደቃቅ መሆን ይገባዋል። ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ፓምፑ በራሱ ማጣሪያ ይታነቃል።

ይህ ጉዳይ ለደጋ አገር ሰው ልዩ ትርጉም አለው። አዲስ አበባ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ነዳጁን ወደ ፓምፑ አፍ የሚገፋው ይኸው የአየር ግፊት በመሆኑ፣ በባሕር ዳርቻ ያለ ችግር የሚስብ ፓምፕ በከፍታ ላይ፣ በሞቀ ነዳጅ፣ ሊከዳ ይችላል። አሜሪካኖችም ይህን በተራሮቻቸው ላይ ያውቁታል፤ በኮሎራዶ ኢንተርስቴት 70 የሚባለው አውራ ጎዳና በአይዘንሃወር ዋሻ ሲያልፍ 3,400 ሜትር ያህል ከፍታ ይደርሳል።

በታንኩ ውስጥ የነዳጁ መንቦጫረቅም አይዘነጋም። መኪናው በኀይል ሲነሣ ነዳጁ ወደ ኋላ፣ ሲታጠፍ ወደ ጎን ይሸሻል፤ የፓምፖቹ አፍም ለቅጽበት አየር ይጎርሳል። ለዚህ መድኃኒቱ በታንኩ ውስጥ መከለያ ማድረግ፣ ወይም ሁለቱ ፓምፖች የሚጠልቁበት፣ ዘወትር ሞልቶ የሚኖር ትንሽ ማጠራቀሚያ መሥራት ነው።

መመለሻው ቧንቧም እንደ መሄጃው ይታሰብበት። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የሚበላው ጥቂት ሊትር ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ በመመለሻው ወደ ታንክ መግባት አለበት። መመለሻው የጠበበ እንደ ሆነ ግፊቱ ከልክ በላይ ይወጣል፤ ሞተሩም በዝግታ ሲዞር ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ካንዴላውም ይጠቁራል። ብዙ ሰው ይህን የኢንጀክተር ጉድለት አድርጎ ሲፈልግ ይውላል።

5. ሽቦው

እያንዳንዱ እንዲህ ያለ ፓምፕ በሙሉ ግፊት ሲሠራ 15 አምፔር ያህል ይስባል። ባትሪው ከፊት፣ ታንኩ ከኋላ ስለሆነ ሽቦው 5 ሜትር ቢሆን፣ መሄጃና መመለሻው ሲደመር 10 ሜትር ነው። ሁለቱ ፓምፖች ውፍረቱ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ በሆነ በአንድ የመዳብ ሽቦ ቢያያዙ 30 አምፔር ሲያልፍ 2 ቮልት ያህል በመንገድ ይጠፋል። ከ13.5 ቮልት የተነሣው ኤሌክትሪክ ፓምፑ ዘንድ 11.5 ቮልት ሆኖ ይደርሳል፤ ፓምፑም በዚያው ልክ ቀስ ብሎ ይዞራል። ለእያንዳንዱ ፓምፕ የየራሱ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ፣ የየራሱ ሪሌና የየራሱ ፊውዝ ቢሰጠው ግን የሚጠፋው ከ0.7 ቮልት በታች ነው። መለያየቱ ሌላም ጥቅም አለው፤ የአንዱ ፊውዝ ቢቃጠል ሌላውን ይዞት አይሞትም። ፊውዙ በባትሪው አጠገብ ይሁን፤ ወደ መሬት የሚመለሰው ሽቦም በዛገ ሻንሲ ላይ ሳይታሰር ንጹሕ ስፍራ ይፈለግለት።

ሁለቱ ፓምፖች ሳያቋርጡ ሲሠሩ ከባትሪው የሚወስዱት ወደ 400 ዋት ይጠጋል። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ይህ ኀይል ሁሉ ማለት ይቻላል በመጨረሻ ሙቀት ሆኖ ወደ ታንኩ ይመለሳል። በበጋ፣ በከተማ መጨናነቅ ውስጥ፣ በታንኩ ሥር ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ እንደ መለኰስ ነው። ሁለተኛውን ፓምፕ ሲፈለግ ብቻ ማስነሣት ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይህ የሚደረገው የቱርቦው ግፊት ጥቂት ከፍ ሲል በሚዘጋ ማብሪያ፣ ወይም በሞተሩ ኮምፒዩተር ትእዛዝ ነው።

6. በዝምታ የሚሞተው ፓምፕ

እነሆ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» እንደሚባለው፣ የሁለት ፓምፕ መኪና አደጋ የሚመጣው በሰላም መስሎ ነው።

መኪናው በሜዳ ላይ ሲጓዝ የሚጠቀመው 80 የፈረስ ጉልበት ያህል ነው እንበል፤ ለዚህ በሰዓት ወደ 25 ሊትር ቤንዚን ይበቃል። አንደኛው ፓምፕ ብቻውን ከዚህ ስምንት እጥፍ በላይ ይሰጣል። ሁለተኛው ሞቶ ከሆነ፣ ሪሌው ተበላሽቶ ከሆነ፣ ሽቦው ተበጥሶ ከሆነ፣ አሽከርካሪው የሚያየው ምልክት የለም። ሞተሩ ያለ ችግር ይነሣል፤ ይሄዳል፤ ሽቅብም ይወጣል። ሁለተኛው ፓምፕ ከወር እስከ ወር ተኝቶ የሚኖር በመሆኑ የመሞት ዕድሉ ራሱ ከፍ ያለ ነው፤ ብዙ የቆየ ነዳጅ ሙጫ ይሠራበታል፤ ኤታኖል ውሃ ይስብበታል። አንድ ቀን ሲጠሩት ላይነሣ ይችላል።

ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ ጣርማ በርን በጭነት የወጣ ሰው ረጅም ዳገት ለሞተር ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል። እንዲሁ አንድ ኀይለኛ ፒክአፕ ተሳቢ ይዞ የኮሎራዶን ዳገት ሲወጣ ይታሰብ። በ400 የፈረስ ጉልበት ሲሠራ በሰዓት 146 ሊትር ይበቃዋል፤ በሕይወት ያለው ፓምፕ 220 ሊትር ይሰጣልና አሁንም ሁሉ ደኅና ነው። ፒስተኑና ቴስታታው ግን በዳገቱ ርዝመት ግለዋል። ከዋሻው ጥቂት ሲቀር አሽከርካሪው ከፊቱ ያለውን ዘገምተኛ መኪና ለመቅደም ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ይረግጣል። የሚፈለገው ነዳጅ በቅጽበት ወደ 365 ሊትር ይዘላል፤ የሚደርሰው ከዚህ ስድስት ዐሥረኛ ያህል ነው። ኮምፒዩተሩ ኢንጀክተሮቹ እንዲከፈቱ ያዛል፤ በቧንቧው ውስጥ ግን ግፊት የለም። ድብልቁ ይሳሳል፤ ሞተሩ ያንኳኳል፤ ማቀዝቀዣውን ያጣው የፒስተን አናትም በሰከንዶች ውስጥ ይቀልጣል። አሽከርካሪው መጀመሪያ የሚያየው ከኋላ የሚከተለውን ጭስ ነው።

ይህን መኪና ያጠፋው የፓምፑ መሞት ብቻ አይደለም። ፓምፕ ሟች ነው፤ ይህ የታወቀ ነው። ያጠፋው መሞቱን የሚናገር አለመኖሩ ነው። ከፋብሪካ በአንድ ፓምፕ የወጣው መኪና ፓምፑ ሲሞት ከመንገድ ዳር ይቆማል፤ ባለቤቱ ተናዶ ጎታች መኪና ይጠራል፤ ሞተሩ ግን ይተርፋል። ሁለተኛ ፓምፕ የጨመረው ባለሙያ ኀይል ብቻ አልጨመረም፤ ቀድሞ ያልነበረ ስውር አደጋም ጨምሯል። እንግዲህ መከላከያውንም የመጨመር ግዴታ የእርሱ ነው።

መከላከያው ውድ አይደለም። አንደኛ፣ በኢንጀክተሮቹ ቧንቧ ላይ የግፊት መለኪያ ይገጠምና ከኮምፒዩተሩ ጋር ይያያዛል፤ የነዳጁ ግፊት ከቱርቦው ግፊት ጋር እኩል ካልወጣ ኮምፒዩተሩ ወዲያው የቱርቦውን አየር እንዲያወርድና ሞተሩን እንዲገታ ይታዘዛል። ሁለተኛ፣ መኪናው በተነሣ ቁጥር ሁለተኛው ፓምፕ ለጥቂት ሰከንድ እንዲሠራ ይደረጋል፤ በዚህም ተኝቶ አይዝግም፤ የሚስበው አምፔር ሲለካም በሕይወት መኖሩ ይታወቃል። ሦስተኛ፣ ሁለተኛው ፓምፕ የሚነሣበት ልክ ዝቅ ይደረጋል፤ አንደኛው ሊበቃ የማይችልበት ድንበር ላይ ከመድረሱ በፊት እንዲደርስለት ማለት ነው።

7. የናፍጣው ሞተር

በናፍጣ ሞተር ላይ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። ናፍጣ የጎደለበት ሞተር ኀይሉ ይቀንሳል እንጂ ፒስተኑ አይቀልጥም። ለ1,000 የፈረስ ጉልበት የሚቃጠለውም በሰዓት 210 ሊትር ያህል ነው። አደጋው ያለው ሌላ ቦታ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1995 የጃፓኑ ዴንሶ በጭነት መኪና ላይ ለገበያ ካቀረበው ወዲህ የተስፋፋው ኮመን ሬይል የሚባለው አሠራር ሁለት ዐይነት ፓምፕ አለው። አንዱ ናፍጣውን ከታንኩ በዝቅተኛ ግፊት የሚያደርስ፣ ሁለተኛው በሞተሩ ጉልበት እየዞረ ከ1,000 ባር በላይ የሚጨምቅ ነው። ይህ ሁለተኛው ፓምፕ ዘይት የለውም፤ የሚያለሰልሰው ራሱ ናፍጣው ነው። ናፍጣ የተጠማ እንደ ሆነ ብረት ከብረት ይፋጫል፤ ብናኙም ወደ ኢንጀክተሮቹ ይሄድና ጥፋቱን ያዛምታል።

በአሜሪካ ፒክአፖች ላይ ኀይል ፈላጊዎች ሁለተኛ ከፍተኛ ግፊት ፓምፕ በቀበቶ እያዞሩ መጨመር ለምደዋል። ከ2001 እስከ 2010 ሞዴል የነበሩት ዱራማክስ ሞተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ በታንኩ በኩል ማድረሻ ፓምፕ አልነበራቸውም፤ ከፍተኛ ግፊት ፓምፑ ራሱ ናፍጣውን ከታንኩ ይስብ ነበር። በእንዲህ ያለ ሞተር ላይ ማድረሻ ሳይገጥሙ ሁለተኛ ጨማቂ ፓምፕ መጨመር በአንድ ገለባ ሁለት ሰው እንዲጠጣ ማድረግ ነው። ስለዚህ በናፍጣ ሥራው የሚጀመረው ከታንኩ ነው። ማድረሻው ከሚቃጠለው 210 ሊትር በላይ፣ ፓምፖቹን ለማቀዝቀዝና ለማለስለስ ተርፎ የሚመለሰውን ጭምር የሚያቀርብ መሆን አለበት። ውሃ የሚለይ ማጣሪያም ይጨመርበት። የሚለካውም ግፊት በማድረሻው መውጫ ሳይሆን በጨማቂዎቹ ፓምፖች መግቢያ ላይ፣ ሞተሩ በሙሉ ኀይሉ ሲጎትት የሚታየው ነው።

8. ከማስረከብ በፊት

ተሠርቶ ያለቀው ሥራ በእምነት አይረከብም፤ ይለካል። የቤንዚኑ መኪና የግፊት መቆጣጠሪያ 4.4 ባር ላይ ይስተካከልና የመመለሻው ቧንቧ በተለካ ዕቃ ውስጥ ይደረጋል፤ ቮልቱም ሞተሩ ሲሠራ ወደሚኖረው 13.5 ይደረጋል። አንደኛው ፓምፕ ብቻውን ለ30 ሰከንድ ይሠራል፤ ከ1.8 ሊትር ያላነሰ መስጠት አለበት። ቀጥሎ ሁለተኛው ብቻውን፤ በመጨረሻም ሁለቱ በአንድነት፤ ድምሩ ከ3.6 ሊትር በላይ ሊሆን ይገባል። ሁለቱ በየብቻቸው ደኅና ሆነው ድምራቸው ካነሰ ጥፋቱ በቧንቧው ወይም በሽቦው ነው። ይህ ሙከራ የሚደረገው ነፋስ በሚገባበት ግልጥ ስፍራ፣ እሳትና ብልጭታ በሌለበት፣ የእሳት ማጥፊያ በእጅ ተይዞ ነው።

ሌላም የማይታለፍ ነገር አለ። ሞተሩ በአደጋ ምክንያት ሲቆም ሁለቱም ፓምፖች መቆም አለባቸው። በሰዓት ከ400 ሊትር በላይ የሚገፉ ፓምፖች ከተሰበረ ቧንቧ ላይ በአንድ ደቂቃ ወደ ሰባት ሊትር ቤንዚን ይረጫሉ። ሁለተኛውን ፓምፕ ከቁልፉ ጋር በቀጥታ አያይዞ፣ ሞተሩ ቢቆምም እንዲዞር አድርጎ መተው በሰው ሕይወት መቀለድ ነው።

የተለካው ቁጥር፣ የሽቦው ሥዕልና ፓምፖቹ የተገጠሙበት ቀን በአንድ ወረቀት ተጽፎ ለባለመኪናው ይሰጥ። ከዓመት በኋላ ሌላ ባለሙያ ያንኑ ሙከራ ደግሞ፣ 1.8 የነበረው 1.5 ሆኖ ቢያገኘው ፓምፑ ከመሞቱ በፊት ይለውጠዋል። ወረቀቱ ባይኖር ግን የቀደመው የት እንደ ነበረ የሚያውቅ የለም።

ክቡራን የማኅበሩ አባላት፤ አንድ ባለመኪና ጋራዥ ገብቶ «ሁለተኛ ፓምፕ ይገጠምልኝ» ሲል የሚጠይቀው ዕቃ ነው። ባለሙያው የሚሰጠው ግን ዕቃ ብቻ መሆን የለበትም። ስሌቱን ሠርቶ፣ ቧንቧውንና ሽቦውን አስፍቶ፣ ከሁለቱ አንዱ በሞተ ሰዓት መሞቱ እንዲታወቅ አድርጎ ማስረከብ ይገባዋል። ባለመኪናው ለመለኪያው የሚከፍለው ገንዘብ ለምን እንደ ሆነ ላይገባው፣ ሊከራከርም ይችላል። ያን ጊዜ ባለሙያው በትዕግሥት ያስረዳው፤ ካልተስማማም ሁለተኛውን ፓምፕ ሳይገጥም ይመልሰው። ፓምፑን የገጠመ እጅ መለኪያውንም ካልገጠመ ሥራው ገና አላለቀምና።